በሩጫ የሚከፈል ጨዋታ

«ጋሼ፣ ዕዳ አለብህ እንዴ?»

ይህን የጠየቀኝ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት አትሌት ነው። ከሥራ ገብቼ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ዝናብ እያካፋ ልወጣ ስል በር ላይ አገኘኝና «ዛሬ እንኳ ቢቀርብህ ምናለ?» አለኝ። «አይሆንም፤ የትናንቱም አለብኝ» አልኩት። ያኔ ነው ግንባሩን ቋጠር አድርጎ ስለ ዕዳው የጠየቀኝ። ስቄ አለፍኩት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ፈረንሳይ ሰፈርን አቋርጬ እስክመለስ አብሮኝ ነበር፤ ታጥቤ ላፕቶፔን ስከፍትም እዚያው ነበር። ምክንያቱም በእርግጥ ዕዳ ነበረብኝ። ቀን የተጻፈበት፣ ኤክሴል ላይ በቀይ የተቀለመ ዕዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙያዬ ሂሳብ ነው። መሮጥ ስጀምር ጌም መተው አልፈለግኩም፤ እንደ ድሮው ሌሊቱን ሙሉ መጫወቱን ደግሞ ሕሊናዬ እሺ አላለም። ስለዚህ የማውቀውን አደረግኩ፤ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በአንድ ወገን የሮጥኩት ኪሎ ሜትር፣ በሌላው ወገን የተጫወትኩት ደቂቃ። ምንዛሬም ቆረጥኩ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ሩብ ሰዓት ጨዋታ ያስገኛል። አምስት ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰዓት ከሩብ ይጫወታል፣ ያልሮጠ አይጫወትም። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር በሉት፤ ልዩነቱ ባለሱቁም ተበዳሪውም እኔው መሆኔ ነው። ባለሱቁ ደግሞ ርኅሩኅ ነበር። «ነገ እሮጣለሁ» ካልኩት ያበድረኛል።

እውነቱን ለመናገር ሠንጠረዡ ሠርቷል። ሮጫለሁ። ለዓመታት በየመስከረሙ «ዘንድሮስ» ብዬ በየጥቅምቱ የምረሳውን ነገር፣ ያ ቀይ ቀለም በዝናብም በብርድም እያወጣ አስሩጦኛል። የአትሌቱ ጥያቄ እንደዚያ የከነከነኝም ለዚህ ይመስለኛል። የማይሠራ ነገር ቢሆን ኖሮ ማን ይጨነቅለታል?

ሌሎች የሚሮጡልኝ ጨዋታ

በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ የጌም ታሪክ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ፕሌይስቴሽን ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ «የተሸነፈ ይከፍላል»፣ ከኋላ ቆሞ ተራውን እየጠበቀ ሳይጠየቅ የሚያሠለጥን ሕፃን። በእኛ ሰፈር ፔስ 6 የሚባለው የኳስ ጌም የነገሠበት ዘመን ነበር። ኢንተር ሚላንን መያዝ ክልክል ነው፤ አጥቂው አድሪያኖ ከየትም የመታው ኳስ መረብ ውስጥ ነዋ የሚገኘው። እዚያ ቤት የነበሩት ጆይስቲኮች ሁሉ ቀድሞ የሚሞትባቸው ቁልፍ አንድ ነበር፦ አር ዋን። መሮጫው። የሌሎቹ ቁልፎች ምልክት እንኳ ሳይለቅ አር ዋን ስምጥ ብሎ ይቀራል፤ ኳስ ከያዝንባት ሰከንድ ጀምሮ ማናችንም ጣታችንን አናነሳማ። በ60ኛው ደቂቃ ተጫዋቹ ምላሱ ወጥቶ ሲንፏቀቅ ደግሞ ጆይስቲኩን እንሰድባለን።

ከፍ ስል ፉትቦል ማናጀር የሚባለው፣ ራስህ የኳስ ቡድን አሠልጣኝ የምትሆንበት ጌም ውስጥ ገባሁ፤ እስካሁንም አልወጣሁም። የማያውቁት ሰዎች ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ «ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ የቢሮ ሥራህ?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ኳስ የሚመታበት ቁልፍ የለውም። ስም፣ ደመወዝ፣ ሠንጠረዥ፣ የቦርዱ ደብዳቤ። እያንዳንዱ ተጫዋች ከ1 እስከ 20 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ቆራጥነት፣ ሳይደክሙ የመቆየት አቅም ማለትም ስታሚና። ለሂሳብ ሠራተኛ ከዚህ በላይ ገነት የለም። የኢትዮጵያ ሊግ ጨዋታው ውስጥ ተካትቶ ስለማይመጣ አድናቂዎች የሚያዘጋጁትን ፋይል ጭኜ ጊዮርጊስን ይዣለሁ። የቡና ደጋፊ የሆናችሁ አንባቢዎች እዚህ ጋ ብታቆሙ አልቀየማችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የዚያ ዓመት እትም ከነጭራሹ መሰረዙ ሲነገር ጓደኞቼ «እንግዲህ ለጤናህ ነው» ብለው ተሳለቁብኝ። መሮጥ የጀመርኩት ግን በዚያ ምክንያት አይደለም። የቢሮአችን ሊፍት መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል። አንድ ቀን ሰባተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁና ስደርስ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ጆሮዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ማንም እንዳያናግረኝ። መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ አልነበረኝም። ያኔ ትዝ ያለኝ የቤተሰብ የስኳር ታሪክ አልነበረም፣ የሐኪም ምክርም አልነበረም። «ይህን ሰው በጨዋታው ባገኘው አልገዛውም» ብዬ አሰብኩ። ስታሚና 4። ያውም በይሉኝታ።

«ማን አባረረህ?»

የመጀመሪያ ቀን ሮጬ ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ «ማን አባረረህ?» አለችኝ። ከልቧ ደንግጣ ነበር። ልምድ መሆኑን ስታውቅ ደግሞ መክሳቴ ማስጨነቅ ጀመረ፤ አንድ ሳህን የነበረው እራት ሁለት ሆነ። ጠዋት ስሮጥ አይታ፣ ማታ ላፕቶፑ ፊት ተገትሬ ስታገኘኝ «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ትለኛለች። የትኛውን ዛፍ ውረድ ማለቷ እንደሆነ ግን ነግራኝ አታውቅም።

በዚህ አገር አትሌት ሳይሆኑ መሮጥ የራሱ ፈተና አለው። ሌላ አገር ወፍራም ሰው ሲሮጥ ወፍራም ሰው ሮጠ ይባል ይሆናል። እዚህ የታክሲ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «በርታ ኃይሌ!» ይላል። እኛ ደግሞ ኃይሌ ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን። የሲድኒን 10,000 ሜትር፣ ያችን የመጨረሻ ዙር፣ ፖል ቴርጋት አምልጦ ሲሄድ ቤቱ ሁሉ የቆመበትን፣ በመጨረሻ በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ የተቀደመበትን ውድድር በ1993 ዓ.ም. መስከረም ያየ ሕፃን በማግስቱ መንገድ ላይ ግራ ክንዱን አቅፎ እንደ ኃይሌ ያልሮጠ የለም። እኔም ሮጫለሁ። ስለዚህ ረዳቱ ሲጠራኝ ውዳሴም ስድብም አድርጌ ነው የምሰማው።

ጃንሜዳ ይብሳል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስትገባ ሜዳው የአንተ ይመስልሃል። ከዚያ በሰልፍ የሚሮጡ አሥር አሥራ አምስት ልጆች ከኋላ ይመጡና ያልፉሃል። የሚገርመው ማለፋቸው አይደለም። ሲያልፉ ትንፋሻቸው አይሰማም። የእኔን ትንፋሽ ሰምተው ግን ሁለት ሦስቱ ዞር ብለው ያዩኛል፤ አንዳንዴም «አይዞህ» ይላሉ። የታላቁ ሩጫ ዕለት እንዲህ አይደለም። ከ40,000 በላይ ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ሲወጣ ግማሹ እየጨፈረ፣ ግማሹ እየተራመደ ስለሆነ ማንም ማንንም አይታዘብም። የቀረውን ዓመት ግን ሯጮች መሀል ያለ ጀማሪ ነህ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ስሮጥ ሠንጠረዡ መጠለያዬ ነበር። ልጆቹ ሲያልፉኝ «እኔ ለሌላ ጉዳይ ነው የመጣሁት» እል ነበር በልቤ። ለሰዓት ከሩብ። አንድ ዙር በዞርኩ ቁጥር ስንት ደቂቃ እንዳገኘሁ አሰላለሁ። ቀስ በቀስ መንገድ የምመርጠው በሂሳቡ ሆነ። ዳገት ትርፍ የለውም፤ ኪሎ ሜትር ብዙ ድካም ይጠይቃል። ሜዳ አስፋልት ያዋጣል። ደርቢ ባለበት ሳምንት ዕዳ ስለሚከማች ሦስት አራት ቀን በተከታታይ እሮጣለሁ። ቅልጥሜ ማታ ማታ መጠዝጠዝ ሲጀምር በረዶ አስሬ እጫወት ነበር። እዚያው ስክሪን ላይ ግን ሦስት ጨዋታ በሳምንት የተሰለፈ አጥቂዬ ድካም ሲታይበት አንድ ደቂቃ አላመነታም፤ ወደ ተጠባባቂ ወንበር። «ይጎዳብኛል» እላለሁ። በረዶውን ወደ ሌላኛው እግሬ እያዛወርኩ።

እግሩ ግድግዳው ላይ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡና ስታፈላ «ሂድ ያንን ልጅ ጥራው» አለችኝ። አትሌቱ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጣ ነው። ግቢያችን የገባ ሰሞን አንቱ ይለኝ ነበር፤ የሆዴ መጠን ያን ጊዜ ነው በትክክል የገባኝ። ከዚያ ወደ አንተ ወረደ፤ ጋሼ ግን አልቀረም።

በሩ ገርበብ ብሏል። ወለሉ ላይ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ የበሶ ኩባያ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ገና ያልደረቀ ቱታ። እሱ በጀርባው ተኝቶ፣ መቀመጫውን ግድግዳው ሥር አስጠግቶ፣ ሁለት እግሮቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሰቅሏል። ግድግዳው ላይ ተረከዞቹ የሚያርፉበት ቦታ ቀለሙ ለቋል። በሁለት እጁ ስልክ በአግድም ይዟል። የሚጫወተውን ድምፁን ሰምቼ አወቅኩት፤ ኢፉትቦል። የእኛው ፔስ፣ ስሙን ቀይሮ፣ በነፃ ስልክ ላይ የሚጫን ሆኖ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ትንሽ ቅር አለኝ። ያን ዕለት ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጠው መመለሳቸውን አውቃለሁ። ይህ ልጅ ለእኔ የሠንጠረዡ የግራ ዓምድ ነበር፤ ጠቅላላ የሩጫ ወገን። ጌም ሲጫወት ማየት ቄስ ካርታ ሲጫወት እንደማየት ሆነብኝ።

«አንተም ትጫወታለህ እንዴ?»

«ከልምምድ በኋላ ሌላ ምን አደርጋለሁ ጋሼ?» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

በኔ ምንዛሬ ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ እንደሚገባው ነገርኩት። አልገባውም። ስለ ሠንጠረዡ፣ ስለ ሩብ ሰዓቱ፣ ስለ ቀዩ ቀለም ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁት። ጨዋታውን አቁሞ ሰማኝ። እግሮቹ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ፊቱን የማየው ተገልብጦ ነበር፣ ስለዚህ ይሳቅ ይዘን አላወቅኩም።

«ለማን ነው የምትከፍለው?» አለኝ በመጨረሻ።

መልስ አልነበረኝም። እሱ ቀጠለ። «እኔ እኮ ይሄን ካልተጫወትኩ ተነስቼ ፒያሳ እወርዳለሁ። ከተማ ስዞር ከዋልኩ እግሬ ለነገ አይሆንም። አሠልጣኛችን ‹ብሉ፣ ተኙ፣ እግራችሁን ስቀሉ› ነው የሚለን። ዝም ብሎ ተኝቶ መዋል ደግሞ ይሰለቻል። ይሄ ነው የሚያስተኛኝ።»

ቡናው ሁለተኛው ደርሶ እናቴ እስክትጣራ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ልጅ ሂሳብ ጨዋታው የሩጫው አገልጋይ ነው። ጨዋታው እግሩን አልጋ ላይ ይይዝለታል፤ ያ እግር ነው በማግስቱ የሚሮጠው። ማንም ለማንም አይከፍልም። እኔ ሁለቱን ነገሮች ከመጀመሪያው እንደ ገቢና ወጪ ነበር የጻፍኳቸው። አንዱ ጽድቅ፣ አንዱ ኃጢአት። እንዲያ የመደብኳቸው ማንም ሳይነግረኝ ነው። ወይም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለተነገረኝ።

ከቡናው ሊነሳ ሲል «ማክሰኞ ቀላል ነው፤ አብረን እንውጣ። ብቻህን የምትሮጠው ለምንድነው?» አለኝ። እነሱ ዘንድ ብቻውን የሚሮጥ ለጤና የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። መለወጥ የሚፈልግ ከሰው ጋር ይሮጣል። እኔ ለጤና ነው የምሮጠው ብል ይሻለኝ ነበር፤ ለጌም ነው ማለቱ ግን አስቀድሞ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት።

ሰልፍ በጫካ ውስጥ

ማክሰኞ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ሜዳን አልፈን እንጦጦ ወጣን። ከታች ሜዳ የለመደ ሰው እዚያ ላይ ሁለተኛ ሰው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው በሲሶ ገደማ ያነሰ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሳንባ ይህን ለመቻል ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የቀረውን ግማሽ ግን ማክሰኞ ጠዋት እከፍላለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

አልሆነም። «እግሬን ተከተል» ብሎኝ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። መንገድ የለም። ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዘ፣ ወደ ግራ ሄዶ ወደ ቀኝ ተመልሶ፣ ዳገቱን በአግድም እየቆረጠ ይሮጣል፤ ሩጫ ካሉት። እኔ ፈጥኜ ከምራመደው ብዙ አይበልጥም። ግንድ ሲኖር በጣቱ ያሳየኛል፤ ጉድጓድ ሲኖር ያጨበጭባል። ከተረከዙ ሌላ የማየው ነገር አልነበረም። ስንት እንደሮጥን ለማየት ስልኬን ላወጣ ስል የዛፍ ሥር አደናቀፈኝና ተውኩት። በኋላ ካርታውን ስከፍተው ሕፃን በእስክሪብቶ የሞነጫጨረው ይመስላል፤ ጂፒኤሱም ግራ ተጋብቶ ዛፍ የሰነጠቅን አስመስሎታል።

መሀል ላይ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል መጡ። ጭነታቸው ከመንገዱ ይሰፋል፤ ጥግ ይዘን ቆምን። አንደኛዋ፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ አንገታቸውን ብቻ ቀና አድርገው አዩኝና «ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉ። አትሌቱ «ልምምድ ነው እማማ» ሲላቸው «ይቅናችሁ» ብለው አለፉ። እሱን ሳይሆን እኔን ነበር ያዩት።

አንድ ሰዓት ሙሉ ሮጠን፣ ስንወጣ ማውራት እችል ነበር። ይህ ደርሶብኝ አያውቅም። ስንት ኪሎ ሜትር ነበር? በጣም ጥቂት። በደብተሩ ሂሳብ ያ ጠዋት ኪሳራ ነው፤ ያን ያህል ጊዜ ፈጅቼ ያገኘሁት ከአስፋልቱ ግማሽ የማይሞላ ነበር። ቢሮ ደርሼ ስቀመጥ ግን ቅልጥሜን አላስታወስኩትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው የወጥ ቤት ተረት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለእግርም ይሠራል።

ቀመሩን ስቆርጥ

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስመላለስበት የነበረው ነገር ይህ ነው፦ ጨዋታ ብቻ ለምን ግብር ይጣልበታል? አጎቴ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ያያል፤ ሲወጣ ማንም «ስንት ሮጠህ ነው?» አይለውም። በየዛፉ ጥላ ሥር በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ ጡረተኞችን ማንም «ጊዜያችሁን አቃጠላችሁ» አይላቸውም፤ እንዲያውም ቆመን እናያለን። ገበጣ ቅርስ ነው። ጌም ግን የሰነፍ ነው፣ የሕፃን ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፕሌይስቴሽን ቤት ትምህርቱን ያስቀረበትን ልጅ ሁላችንም እናውቃለን። ዘንድሮ ደግሞ ጨዋታ የሚለው ስም ቤቲንግ ቤትንም ያቅፋል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚያ የሚቃጠለው ደመወዝ ነው። ሥራውን ሠርቶ የገባ የ30 ምናምን ዓመት ሰው ግን ጊዮርጊስን ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ለማብቃት ፈቃድ በላቡ መግዛት ያለበት አይመስለኝም።

ወዲህ ደግሞ ሩጫውንም ጽድቅ ማድረግ ያሳፍራል። ለዚያ ልጅ ሩጫ እንጀራ ነው። ክለብ፣ ማናጀር፣ የውጭ ውድድር፣ ቪዛ። እሱ የሚሮጥባቸው ጫካዎች ውስጥ እንደ እሱ ያሉ ስንትና ስንት ልጆች አሉ፤ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የደረሱትም ቢሆኑ ተራ ይጠብቃሉ፤ ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ በማራቶን በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ያጠለቀው ተጠባባቂ ሆኖ ተመርጦ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው። ለዚህ ልጅ ሩጫው ሥራ፣ ጨዋታው እረፍት ነው። የእኔ ሥራ ሂሳብ ነው። ከዚያ በኋላ የማደርገው ሁሉ፣ እንጦጦም ላፕቶፑም፣ ወዶ የሚደረግ ነው። አንዱን የሌላው ዋጋ ሳደርገው ሁለቱንም ሥራ አደረግኳቸው፤ ማታ የደርቢውን ጎል እያየሁ የማስበው ቀሪ ደቂቃዬን ነበር።

ይህን ማሰቡ ግን የጊዜውን ጥያቄ አልፈታልኝም። ቀኑ ያው 24 ሰዓት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ የተጫወትኩት የማግስቱን ሩጫ ነክቶት አያውቅም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የተጫወትኩት ግን ሁልጊዜ ይነካዋል፤ ብነሳም እግሬ ብቻ ነው የሚነሳው። ስለዚህ የሚጣሉት እንቅልፍና ጌም ናቸው፤ ሩጫው ጠዋት ላይ ጠቡን የሚዘግብ ምስክር ብቻ ነው። ፉትቦል ማናጀር ደግሞ ማለቂያ የለውም። ፕሌይስቴሽን ቤት ሳንቲም ሲያልቅብህ ወይም ባለቤቱ ሲዘጋ ታቆም ነበር። ሩጫ ራሱ ያቆምሃል። ይህ ጨዋታ ግን ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በኋላ ሌላ ግጥሚያ አለው፤ ብትሸነፍም ካስቀመጥክበት ቦታ ከፍተህ እንደገና ትጫወታለህ። እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ማራቶን ላይ ቀነኒሳ 2:01:41 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰኑ በ2 ሰከንድ ሲያመልጠው፣ እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት መጀመሪያ ያሰብኩት «ከ35ኛው ኪሎ ሜትር ይደገም» የሚል ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው በሰዓቱ ተነስቶ አይተኛም። በኃይል መቆራረጥ ብተማመንም ላፕቶፑ ባትሪ አለው።

ያደረግኩት ትንሽ ነገር ነው። ሠንጠረዡን አላጠፋሁትም፤ ሂሳብ ሠራተኛ ፋይል አያጠፋም። ሁለቱን ዓምዶች የሚያገናኘውን ቀመር ብቻ ቆረጥኩ። የሩጫው ወገን ሩጫ ይመዘግባል፣ ኪሎ ሜትሩን ትቼ ደቂቃውን፤ ጫካም ዳገትም በደቂቃ እኩል ነው። የጨዋታው ወገን ላፕቶፑን የዘጋሁበትን ሰዓት እንጂ ስንት ደቂቃ እንደተጫወትኩ አይጽፍም፤ ከማታ 4 ሰዓት ካለፈ ብቻ በቀይ ይቀለማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከሠንጠረዡ አስገዳጅነት ነፃ ስወጣ ሩጫው ይጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀንሷል፣ አልዋሽም። ዝናብ ሲሆን አሁን ቤት እቀራለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ ግን በሩ ይንኳኳል፤ የሚያንኳኳ ሰው ካለ ደግሞ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ቅዳሜ እነሱ ረጅሙን ሲሄዱ እኔ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ አብሬያቸው እሆንና ዙሩ ሲከር እቀራለሁ። በቀይ የተቀለሙ ማታዎችም አሉ፤ የዝውውር መስኮት በሚዘጋበት ሳምንት ራሴን መዳኘት ትቻለሁ።

ባለፈው ግን ተራዬ ደረሰ። ልጁ «ያንን የቢሮ ጨዋታህን አሳየኝ» አለና እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ላፕቶፑን ያዘ። ምን ምን እንደሚሠራ አስረዳሁትና ቡና ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ለቡድኑ በሙሉ እረፍት ሰጥቷል። ምክትል አሠልጣኙ ተጫዋቾቹ የጨዋታ ዝግጁነታቸው እየወረደ ነው ብሎ ደብዳቤ ጽፎለታል፤ አላነበበውም። በሚቀጥለው ጨዋታ የሊጉ ደረጃ ሰንጠረዥ ግርጌ ላይ ባለ ቡድን ሁለት ለባዶ ተሸነፍን።

«ጋሼ፣ ደክመው ነበር እኮ» አለኝ፣ ምንም ሳይጸጸት።

የተቀመጠውን ከፍቼ ጨዋታውን ልደግም ስል እጄን ያዘኝ። ተሸንፎ ወደ ኋላ መመለስ ማጭበርበር ነው ይላል። ላፕቶፑ የእኔ ነው፣ ቡድኑ የእኔ ነው፣ የሊጉ ዋንጫ በሁለት ነጥብ ልዩነት ነው የተንጠለጠለው አልኩት። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም።